የመምህር ይግዛው ፋይል አልከፈትም አለ

ጨዋታ ልጀምር ነው፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ ሥራ ያለው ይሂድ፣ ሥራ እያለው የሚቀመጥ ግን በኋላ እኔን እንዳይወቅስ።

ዋርካ ሜዳ በምትባል ከተማ ጥሩሰው የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። የፈለገችው አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ አንሙትን ማግባት። አንሙት አናጢ ነው፤ እሱም እሷን ማግባት ይፈልጋል። ወላጆች ፈቅደዋል። ቀሚሱ ተሰፍቷል፤ ራሷ ናት የሰፋችው፣ ሦስት ጊዜ ፈትታ። አልጋው ተሠርቷል፤ የሠራው እሱ ነው፣ አንዱ እግሩ ትንሽ ያጥራል። ዐቢይ ጾም ሊገባ ዐሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። ጾም ከገባ ሠርግ የለም። አንሙት ደግሞ ጾሙ በገባ በሳምንቱ ለሁለት ዓመት የአናጢነት ሥራ ጅማ ይሄዳል። ሚስቱ ከሆነች አብራው ትሄዳለች፤ ካልሆነች ከስፌት መኪናዋ ጋር ትቀራለች።

የጎደለው የአያ ሙጬ ምርቃት ብቻ ነበር። አያ ሙጬ የከተማው ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው ያልመረቁት ጋብቻ በዋርካ ሜዳ ጎረቤትነት እንጂ ጋብቻ አይባልም።

"አያ፣ ይመርቁን" አለች ጥሩሰው።

"ልጄ፣ ሰባት ቤት ሳይቆጠር አልመርቅም" አሉ አያ ሙጬ። "ዘመድ ከዘመድ እየተጋባ አገር አይቆምም።"

"ታዲያ ይቁጠሩልና።"

"እኔማ የማውቀው እስከ አራት ነው። ከአራት በላይ ያለውን የሚያውቅ መምህር ይግዛው ነበር። እሱም ሞተ።"

መምህር ይግዛው ጡረታ ከወጡ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቤት ለቤት እየዞሩ የከተማውን ሰው የዘር ሐረግ የመዘገቡ ሰው ናቸው። መጀመሪያ በደብተር ጻፉት፤ ደብተሩን ምስጥ በላው። ቀጥሎ በላፕቶፕ ጻፉት። ላፕቶፑን ምስጥ አልበላውም፤ ሰው ግን አላስቀምጥ አላቸው። አንዱ አራተኛ አያቱ ደጃዝማች ሆነው እንዲጻፉለት ማር ይዞ መጣ። ሌላዋ አንድ የማታፍርበትን ቅድመ አያት፣ ማለቴ የምታፍርበትን፣ እንዲያወጡላት ዶሮ ይዛ መጣች። መምህር ማሩንም ዶሮውንም መለሱና ፋይሉን በይለፍ ቃል ቆለፉት። ቃሉን ለጠየቃቸው ሁሉ "ስምና ቀን ነው፤ ስምና ቀን የሌለው ሰው የለም" ብለው ይስቁ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ለማንም ሳይነግሩ ዐረፉ።

ላፕቶፑ አያ ሙጬ ቤት፣ ሳጥን ላይ፣ በዳንቴል ተሸፍኖ ይኖራል። ጥሩሰው ዳንቴሉን ገልጣ ከፈተችው። ፋይሉ "የይለፍ ቃል?" አላት። "ይግዛው" ብላ ጻፈች። እምቢ አለ። "ዋርካ ሜዳ" አለች። እምቢ አለ። "እባክህ" ብላም ጽፋለች፤ ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ጥሩሰው ማግባት ፈለገች፤ አያ ሙጬ ሰባት ቤት ሳይቆጠር አልመርቅም አሉ፤ ፋይሉ ያለ ይለፍ ቃል አልከፈትም አለ።

ላፕቶፑን ታቅፋ ወደ ቢተው ሄደች። ቢተው ፎቶ ኮፒ የሚያነሣ፣ ስልክ የሚጠግን፣ ማመልከቻ የሚጽፍ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የወጣ ሰው ነው።

"ቃሉ እዚሁ ፋይሉ ውስጥ አይደለም እንዴ የተቀመጠው?" አለችው።

"እህሉ የለም፤ ያለው ዱቄቱ ነው።"

"ምን ዓይነት ዱቄት?"

"ይኸውልሽ። ቃሉን ስትሰጪው ኮምፒውተሩ ይፈጨዋል። እህሉን ይጥልና ዱቄቱን ያስቀምጣል። እኛ ሃሽ እንለዋለን። ተመልሰሽ ቃሉን ስትሰጪው እንደገና ይፈጭና ዱቄቱን ከዱቄቱ ያስተያያል። አንድ ከሆነ ይከፍትልሻል።"

"ታዲያ ዱቄቱን ወደ እህል መልሰዋ!"

"አንቺ ዱቄት ወደ ጤፍ ስትመልሺ አይቼ አላውቅም።"

ጥሩሰው ላፕቶፑን ዘጋች። ቢተው መልሶ ከፈተው።

"አትቆጪ። መመለስ አይቻልም እንጂ መገመት ይቻላል። ያገኘነውን እህል ሁሉ እየፈጨን ከዚህ ዱቄት ጋር እናስተያያለን።"

ቢተው በመጀመሪያ ከበይነ መረብ ያወረደውን የቃላት ዝርዝር አስፈጨ። ዝርዝሩ ፈረንጆች ሲቆልፉ የሚወዷቸውን ቃላት ሁሉ ይዟል፤ የውሻቸውን ስም፣ የኳስ ቡድናቸውን፣ ትተዋቸው የሄዱ ሴቶችን። መምህር ይግዛው ውሻ አልነበራቸውም፤ ትታቸው የሄደች ሴትም የለችም። ዱቄቱ አልገጠመም። ቀጥሎ በየቃሉ ጭራ ላይ አንድ ሁለት ሦስት እየቀጠለ አስፈጨ። አልገጠመም።

"መምህር 'ስምና ቀን ነው' ይሉ አልነበር?" አለች ጥሩሰው።

ቢተው ግንባሩን መታ። የከተማውን ስም ሰበሰበ፤ ሦስት ሺህ ሆነ። እያንዳንዱን ስም ከሰማንያ ዓመት ቀኖች ጋር ሊያጣምር ተነሣ። ላፕቶፑ አሰበ፣ አሰበና መልሱን ሰጠ፤ ሠላሳ ሦስት ቀን።

"ጾሙ ሊገባ ዐሥር ቀን ነው የቀረው!"

"ምን ላድርግ? ይህ ቁልፍ እያንዳንዱን ቃል አንድ መቶ ሺህ ጊዜ ነው የሚፈጨው። ጨውም ይነሰንስበታል፤ ሌላ ሰው አስቀድሞ የፈጨው ዱቄት እንዳይጠቅመን ብሎ። መምህር እኮ ሲቆልፉ ቆልፈዋል።"

ጥሩሰው ማግባት ፈለገች፤ አያ ሙጬ ሰባት ቤት ሳይቆጠር አልመርቅም አሉ፤ ፋይሉ ያለ ይለፍ ቃል አልከፈትም አለ፤ ዱቄቱ እህል አልሆንም አለ፤ ላፕቶፑ ከሠላሳ ሦስት ቀን በፊት አልጨርስም አለ።

"ግራፊክስ ካርድ ያስፈልገናል" አለ ቢተው። "ላፕቶፑ አንድ ወፍጮ ነው። ካርዱ ግን ሺህ ትንንሽ ወፍጮ ባንድ ላይ ማለት ነው። በከተማው ያለው ልየው ቤት ብቻ ነው።"

ልየው ሠርግ በቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው ነው። ያንን ትልቅ ካርድ የገዛው ሙሽሮችን በቪዲዮው ውስጥ በደመና ላይ ለማስኬድ ነበር። በዋርካ ሜዳ ደመና ላይ ያልሄደች ሙሽራ፣ ጓደኞቿ ለብዙ ጊዜ ያዝኑላታል።

"ሠርጉን የምቀርጸው እኔ ነኝ?" አለ ልየው።

"አንተ ነህ።"

"ደመናስ?"

"ከፈለግህ ጨረቃም ጨምር፤ ብቻ ካርዱን ስጠን" አለች ጥሩሰው።

ቢተው ፋይሉን ከነዱቄቱ፣ የስም ዝርዝሩንም ጨምሮ ወደ ልየው ኮምፒውተር አዛወረ። ካርዱ መፍጨት ጀመረ። ማራገቢያዎቹ ጮኹ፤ ክፍሉ ሞቀ፤ ልየው ጃኬቱን አወለቀ። "ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ያልቃል" አለ ቢተው። ይህን ብሎ አፉን ሳይዘጋ ከግድግዳው ማዶ አንድ ነገር "ድድድድ" አለ፤ አምፖሉ ቀላ፤ ስክሪኑ ጠፋ። እንደገና አስነሡት። እንደገና ድድድድ፤ እንደገና ጠፋ።

"የጋሽ ዘውዴ ወፍጮ ነው" አለ ልየው። "እሱ ሲነሣ የእኔ ኃይል ይወድቃል። ለተራ ሥራ ይበቃኛል፤ ካርዱ እንዲህ ሲግል ግን አይችልም።"

ጥሩሰው ማግባት ፈለገች፤ አያ ሙጬ ሰባት ቤት ሳይቆጠር አልመርቅም አሉ፤ ፋይሉ ያለ ይለፍ ቃል አልከፈትም አለ፤ ዱቄቱ እህል አልሆንም አለ፤ ላፕቶፑ ከሠላሳ ሦስት ቀን በፊት አልጨርስም አለ፤ ካርዱ ወፍጮው ካልቆመ አልፈጭም አለ።

ወደ ወፍጮ ቤት ገባች። ጋሽ ዘውዴ ከቅንድባቸው እስከ ጫማቸው ነጭ ሆነው ቆመዋል።

"ጋሼ፣ ሁለት ሰዓት ብቻ ያቁሙልኝ።"

"ምን?"

"ያቁሙልኝ!"

"አሃ፣ አላቆምም! የከተማው ሠርግ ሁሉ በዚህ ሳምንት ነው የተደገሰው። ሴቶቹ ካልፈቀዱ ወፍጮ ባቆም፣ የሚፈጩት እኔን ነው!"

ሴቶቹ ከወፍጮ ቤቱ እስከ መንገዱ ተሰልፈዋል፤ አንዳንዷ ጆንያዋ ላይ ተቀምጣለች። መካከል ላይ የቆመችው ጠጄ ናት፤ ጠላ ሻጭ ናት፣ ምላሷም ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

"እህቶቼ፣ ሁለት ሰዓት ብትታገሡኝ..." አለች ጥሩሰው።

"ለባል ነው?" አለች ጠጄ።

"ለባል ነው።"

"እኔ ለባል ስድስት ዓመት ታግሼ ያገኘሁትን አይተሻል።" ሰልፉ ሳቀ። "እኛ ምን ቸገረን፣ ግን ከፊት ያለችው ሳትፈቅድ ከኋላ ያለው አይፈቅድም። ሰልፍ እኮ ነው።"

ከፊት ያሉት እትዬ አገሬ ነበሩ፤ የመምህር ይግዛው ባለቤት።

ጥሩሰው ማግባት ፈለገች፤ አያ ሙጬ ሰባት ቤት ሳይቆጠር አልመርቅም አሉ፤ ፋይሉ ያለ ይለፍ ቃል አልከፈትም አለ፤ ዱቄቱ እህል አልሆንም አለ፤ ላፕቶፑ ከሠላሳ ሦስት ቀን በፊት አልጨርስም አለ፤ ካርዱ ወፍጮው ካልቆመ አልፈጭም አለ፤ ወፍጮው ሴቶቹ ካልፈቀዱ አልቆምም አለ፤ ሴቶቹ እትዬ አገሬ ካልፈቀዱ አንፈቅድም አሉ፤ እትዬ አገሬም ምንም አላሉም።

ጥሩሰው ይህን ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገረቻቸው። እትዬ አገሬ ሰምተው ሲጨርሱ እጃቸውን ጆንያው ላይ አሳረፉ።

"ይህ እህል የምን ይመስልሻል?"

"አላውቅም፣ እትዬ።"

"የእሱ ሙት ዓመት ነው፣ ቅዳሜ። ለእሱ የማስፈጨውን አስቁሜ የእሱን ፋይል ላስፈጭልሽ?"

ጥሩሰው ጆንያውን አየች። እስከዚያ ሰዓት ድረስ መምህር ይግዛው ለእሷ የተቆለፈ ፋይል እንጂ የሞተ ሰው አልነበሩም። አፈረች። ጎንበስ ብላ የጆንያውን አንድ ጫፍ ያዘች።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። የእርስዎ ይቅደም፤ ላግዝዎት።"

"ተይው፣ ተይው፤ ቀሚስሽ ዱቄት ይሆናል።" እትዬ አገሬ ጆንያውን ከእጇ አስለቀቁ። "ዘጠኝ ዓመት ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲጽፍ ኖረ። 'ምንድን ነው?' ስለው 'የሰው ነው' ይለኛል። የሰው ሲሆን ጊዜ እኔ ሰው አይደለሁም? ... ዘውዴ! ዘውዴ፣ አቁመው! እኔም ገብቼ አያለሁ።"

እትዬ አገሬ ፈቀዱ፤ ሴቶቹ ፈቀዱ፤ ወፍጮው ቆመ፤ መብራቱ በረታ፤ ካርዱ ፈጨ። ወፍጮው ከቆመ ዘንድ ሥራ የለም ብለው ሴቶቹ ጆንያቸውን ይዘው ልየው ቤት ገቡ። ጋሽ ዘውዴም ገቡ። አንሙት ተጠርቶ መጣ። አያ ሙጬም ከዘራቸውን ይዘው መጡና ብቸኛዋን ወንበር ወሰዱ። ሁሉም ስክሪን ስክሪኑን እያየ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ጠበቀ።

ካርዱ ጨረሰ። ስክሪኑ "አልተገኘም" አለ።

 አንሙት የጥሩሰውን እጅ ያዘ። እሷ ጅማን አሰበች፤ አይታው አታውቅም፣ ግን በዚያች ቅጽበት ከተማው እየራቀ ሲሄድ ታያት።

"ቆይ፣ ምን ምኑን ነው የፈጫችሁት?" አለች ጠጄ።

"የከተማውን ስም ሁሉ፣ ከቀን ሁሉ ጋር" አለ ቢተው።

"ቀን ሁሉ ማለት?"

"ቀን ከአንድ እስከ ሠላሳ አንድ፤ ወር ከአንድ እስከ ዐሥራ ሁለት፤ ዓመቱ ደግሞ..."

"ሠላሳ አንድ ቀን ያለው ወር የት አየህ?"

ቢተው በጣቱ መቁጠር ጀመረ።

"ጳጉሜንንስ ምን ዋጣት?"

የቢተው ጆሮ ቀላ።

"ፕሮግራሙ የፈረንጅ ነው" አለ በመጨረሻ።

"አንተስ የየት ነህ?" አለች ጠጄ።

ቢተው ፊቱን ወደ ስክሪኑ አዙሮ ዐሥራ ሦስተኛውን ወር ጨመረ። የሰማንያ ዓመት ጳጉሜን በአንድ ላይ ቢሰበሰብ ቀኑ ከአንድ ዓመት ከሁለት ወር አይበልጥም፤ ካርዱ ማራገቢያውን በደንብ ሳያጮህ፣ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ጨረሰ። ዱቄቱ ገጠመ። ስክሪኑ ላይ አንድ ስምና አንድ ቀን ወጣ፤ ብርቄ፣ ጳጉሜን ሦስት፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ስምንት።

"ብርቄ ማናት?" አለ ልየው። በከተማው ሦስት ብርቄዎች አሉ፤ ስሙም በዝርዝሩ ውስጥ የተገኘው በእነሱ ምክንያት ነው፤ ግን አንዷም በዚያ ቀን አልተወለደችም።

"የእኛ ናት" አሉ እትዬ አገሬ።

ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

"የሩፋኤል ዕለት ተወለደች። የልጆቹ ጩኸት፣ ዝናቡ ውስጥ ሲታጠቡ... እሱ በመስኮት ይዞ አሳያት። ዐሥራ አራት ቀን ኖረች። ለክርስትና ስላልደረሰች የትም አልተጻፈችም።" በነጠላቸው ጫፍ ስክሪኑን ጠረጉት፤ ዱቄት ያለበት መስሏቸው ይሁን ሌላ፣ አይታወቅም። "ስሟን አንድም ቀን አንሥቶ አያውቅም። እኔ እኮ ረስቷት መስሎኝ ነበር።"

ጠጄ እንኳ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጥሩሰው ከጎናቸው ቆመች፤ ስለ ሠርግ ምንም አላለችም። ቆይተው እትዬ አገሬ ራሳቸው ቢተውን ነካ አደረጉት።

"ጻፋት እስቲ። ከአባቷ ሥር።"

ቢተው በተገኘው ቃል ፋይሉን ከፍቶ ጻፈ። ብርቄ ይግዛው። እትዬ አገሬ ሁለት ጊዜ አስነበቡትና "በል፣ አሁን የልጂቱን ቁጠርላት" አሉ።

የጥሩሰው ሰባት ቤት ተቆጠረ። የአንሙት ሰባት ቤት ተቆጠረ። አንድም ቦታ አልተገናኘም። ሴቶቹ እልል አሉ። አያ ሙጬ ለመመረቅ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

ጠጄ ግን አፏ ተመልሶላት ነበር። "አያ፣ ከተከፈተ አይቀር የእርስዎንም እንስማው እንጂ! የእርስዎንና የእመት ይታይሽን!"

"የእኔን?" አያ ሙጬ ሳቁ። "ቁጠር ቢተው፣ ምን እፈራለሁ! አርባ ስድስት ዓመት ዘጠኝ ልጅ ወልደን ኖረናል።"

ቢተው የአያ ሙጬን ወገን ጮክ ብሎ አንብቦ ጨረሰ። ከዚያ የሚስታቸውን ጀመረ፤ አንድ ቤት፣ ሁለት ቤት፣ ሦስት። ጥሩሰው ግን ከጀርባው ቆማ ነበርና ዓይኗ ቀደመው። የእመት ይታይሽ አምስተኛ ቤት አባ ገላዬ ይላል። የአያ ሙጬም አምስተኛ ቤት ያው አባ ገላዬ ነበሩ፤ አሁን ሰምታለች።

እመት ይታይሽን አሰበች፤ በየጠዋቱ በስፌት ቤቷ በር ሲያልፉ "አደርሽ ወይ፣ ልጄ" የሚሏትን። ዘጠኙን ልጆች አሰበች። የጠጄን ምላስም አሰበች።

ቢተው "አራተኛ ቤት" ሲል፣ የጥሩሰው እግር ግድግዳው ሥር ያለውን ገመድ ጠልፎ ሳበው። ስክሪኑ ጠፋ።

"ዘውዴ!" ብላ ጮኸች ጠጄ።

"ምነው! እኔ እዚሁ ቆሜ! ማነው ወፍጮዬን ያስነሣው?"

ጋሽ ዘውዴ ሮጡ። ወፍጮው ተነሥቷል የተባለ እንደሆነ ሰልፍ የሚጠብቅ የለምና ሴቶቹም ጆንያቸውን አንሥተው እየተጋፉ ወጡ። ጠጄ ከሁሉም ቀድማ ወጣች። ጥሩሰው ልየውንና ቢተውን የእትዬ አገሬን ጆንያ እንዲሸከሙ ላከቻቸው፤ እትዬ አገሬም ተከትለዋቸው ሄዱ።

አያ ሙጬ ከወንበራቸው አልተነሡም። ቀና ብለው አምፖሉን አዩ። አምፖሉ እንደበራ ነው። ጎንበስ ብለው ገመዱን አዩ። ከዚያ ጥሩሰውን አዩ።

"አይተሻል?" አሉ ቀስ ብለው።

"ምኑን፣ አያ?"

ሽማግሌው ከዘራቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ፤ እንደገና መለሱት።

"ተንበርከኩ" አሉ።

ጥሩሰውና አንሙት ተንበረከኩ። አያ ሙጬ መረቁ። "አትለያዩ። አንዳችሁ የሌላችሁን ጉድለት ለብቻችሁ እያያችሁ ለብቻችሁ ዝም በሉ። ውለዱ፣ ክበዱ..." እያሉ ረጅም፣ ረጅም ምርቃት መረቁ፤ መካከል ላይ ድምፃቸው ተሰበረና እንደገና ጀመሩት። አንሙት ጉልበቱን አመመው እንጂ ምንም አልገባውም።

አያ ሙጬ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እመት ይታይሽን ከገበያ ሲመለሱ አገኟቸው። ዘንቢሉን ተቀብለው ያዙላቸው። "ምን ሆነሃል ዛሬ?" አሉ እመት ይታይሽ። "ምንም" አሉ አያ ሙጬ፤ ዘንቢሉንም እስከ ቤት አልሰጡም።

እትዬ አገሬ ፈቀዱ፤ ሴቶቹ ፈቀዱ፤ ወፍጮው ቆመ፤ ካርዱ ፈጨ፤ ዱቄቱ ገጠመ፤ ፋይሉ ተከፈተ፤ ሰባት ቤት ተቆጠረ፤ አያ ሙጬ መረቁ፤ ጾሙ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ጥሩሰው አንሙትን አገባች። በቪዲዮውም ላይ ሁለቱ ደመና ላይ ይሄዳሉ፤ አንሙት ወደ ታች እያየ።